አንዲት የመዳብ ክር

የቤታችን መኪና ከተቃጠለች አንድ ዓመት አለፋት። ስለ ቃጠሎው የሰማ ሁሉ የየራሱን ምክንያት ሰጥቶናል። ጎረቤታችን «ዐይን ነው የበላት» አሉ። አጎቴ «አሮጌ መኪና መጨረሻው ይኸው ነው» ሲል ፈረደ። የሰፈራችን ልጆች ደግሞ «ኮንታክት ነው» ብለው ነገሩን በአንድ ቃል ዘጉት። ይህ «ኮንታክት» የሚባል ቃል ምን ያህል ምቹ ነው! ቤት ሲቃጠል ኮንታክት፥ ሱቅ ሲቃጠል ኮንታክት፥ መኪና ሲቃጠል ኮንታክት፤ ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳደረገ የሚጠይቅ የለም። ኮንታክት እንደ መብረቅ ከሰማይ የሚወርድ ነገር ይመስል ሁላችንም ከንፈር መጠን እንለያያለን።

እኔ ግን መኪናችንን ማን እንዳቃጠላት ዐውቃለሁ። ያቃጠላት በዚህ ግቢ የሚማር አንድ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ ነው፤ እርሱም እኔ ነኝ። ይህን ለማኅበራችን መጽሔት የጻፍሁት ራሴን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ነገሩ የኔ ብቻ አለመሆኑን ስለ ጠረጠርሁ ነው።

መኪናዋ ከእኔ በሁለት ዓመት ትበልጣለች። መጀመሪያ ዐረብ አገር ሌላ ሰው ነድቷታል፤ ከዚያ በጅቡቲ በኩል ገብታ አንድ ነጋዴ ይዟት ነበር፤ እኛ ሦስተኛ ባለቤቶቿ ነን። አባቴ ቀያሽ ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ የሰው መንገድ ሲለካ ኖሮ በራሱ መኪና በመንገድ ለመሄድ የበቃው በዕቁብ ገንዘብ እርሷን የገዛ ዕለት ነው። በአራት ጎማ የምትነዳ፥ ከፍ ያለች፥ በሊብሬዋ ላይ ሰባት ሰው የተጻፈላት፥ በሠርግና በለቅሶ ቀን ግን ዐሥራ አንድ ሰው የምትይዝ የቤተሰብ መኪና ነበረች። በጣሪያዋ ላይ ባለው ፖርቶ መጋላ የአያቴ ጤፍና የማረቆ በርበሬ ከቡታጅራ መጥቶባታል። ታናሽ እኅቴ በኋላ ወንበሯ ላይ ልትወለድ ትንሽ ነበር የቀራት። ሌሊት በራችን ከተንኳኳ ምጥ የያዛት ሴት አለች ማለት ነው፤ አባቴም ማነው ሳይል ካፖርቱን ደርቦ ቁልፉን ያነሣ ነበር።

እንግዲህ አሮጌ መኪና እንደ አሮጌ ሰው ናት፤ የሚያማትን ትናገራለች። የኛዋም ብዙ ተናግራ ነበር። የግራው የኋላ መስተዋት ይወርዳል እንጂ አይወጣም፤ ስለዚህ አንድ ሰው ማብሪያውን ሲጫን ሌላው በሁለት እጁ መስተዋቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ፍሬቻ ሲበራ የዳሽቦርዱ መብራቶች አብረው ብልጭ ድርግም ይላሉ። በዝናብ ጧት ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው «ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል፤ ያን ጊዜ አባቴ ኮፈኑን ከፍቶ የባትሪውን ራስ በመዶሻ እጀታ መታ መታ ሲያደርገው ትነሣለች። በባትሪው ራስ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ይጋገራል፤ እማዬ ከምድጃ የፈላ ውሃ ታመጣና ታፈስበታለች። ለእያንዳንዱ ሕመም አንድ አንድ መላ ነበረን። በኛ ቤት መላ ማለት ጥገና ማለት ነበር። መላው እስከ ሠራ ድረስ ሕመሙ የተፈወሰ ይመስለን ነበር።

ዛሬ ተመልሼ ሳስበው እነዚያ ምልክቶች ሁሉ አንድ ነገር ይናገሩ ነበር። ያ ነጭ ዱቄት የመጥፎ መገናኛ ምልክት ነው። ሞተሪኖው መኪናዋን ሲያስነሣ 150 አምፔር ያህል ይስባል እንበል። ዝገቱ መገናኛው ላይ የጨመረው ሬዚስታንስ የአንድ ኦም መቶኛ ብቻ ቢሆን እንኳ፥ ቁልፉ በዞረ ቁጥር የአውራ ጣት ጫፍ በምታህል ቦታ ላይ 225 ዋት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ፍሬቻው ሲበራ ዳሽቦርዱ የሚርገበገበውም ያለ ምክንያት አይደለም። ኤሌክትሪኩ በመኪናዋ አካል በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት፥ መካኒኮች «ማሳ» የሚሉት መንገድ ላልቷል፤ መንገዱ ሲጠብበት በሌላው አምፖል በኩል ዞሮ ሊመለስ ይሞክራል። ይህን ሁሉ በሁለተኛ ዓመት ተምሬዋለሁ፤ በፈተናም ጽፌ ጥሩ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ነገር ግን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያየሁት ሬዚስታንስ እማዬ የፈላ ውሃ የምታፈስበት ዱቄት መሆኑን አንድም ቀን አላሰብሁም ነበር።

አሁን ወደ ኀጢአቴ ልምጣ።

የመኪናዋ የፊት መብራቶች በዘመን ብዛት ደብዝዘው ነበር። የቡታጅራ መንገድ ደግሞ ሲመሽ ከብትና አህያ፥ ጋሪና እግረኛ የሚበዛበት መንገድ ነው። ስለዚህ አባቴ ከፊት ሁለት ተጨማሪ መብራት አስገጠመ። እያንዳንዳቸው 55 ዋት ናቸው። የገጠመው ኤሌክትሪሻን ሽቦውን በቀጥታ ከባትሪው አንሥቶ፥ በሞተሩና በእኛ መካከል ባለው የብረት ግድግዳ አሳልፎ፥ ከመሪው ሥር ማብሪያ አበጀለት። በብረቱ ቀዳዳ ላይ ግን ሽቦውን ከስለት የሚጠብቀውን ጎሚኒ አላደረገበትም፤ በናስትሮ ጠቅልሎ አለፈው። በመስመሩ ላይ ባለ 15 አምፔር ፊውዝ ነበር። ይህ ትክክል ነው፤ ሁለቱ መብራቶች አንድ ላይ 110 ዋት ናቸው፥ ለ12 ቮልት ሲካፈል ከ9 አምፔር ጥቂት ይበልጣል።

ከወራት በኋላ ፊውዙ ተቃጠለ። ሌላ ተተካ፤ እርሱም ተቃጠለ። ኤሌክትሪሻኑ «ፊውዙ ደካማ ነው» አለና በ15ቱ ፈንታ ባለ 30 አምፔር አደረገልን። ያም ለጥቂት ጊዜ ቆየ።

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ከአያቴ ቤት ስንመለስ ዝናብ ያዘን። ከቡኢ አለፍ እንዳልን ተጨማሪዎቹ መብራቶች ድርግም አሉ። ፊውዙ ተቃጥሏል፤ ትርፍ የለንም። ዝናቡ እንደ ገመድ ይወርዳል፤ የቀሩት መብራቶች ከአፍንጫ አያልፉም። እማዬ ከኋላ ጸሎት ታደርሳለች። እኔ የሁለተኛ ዓመት ትምህርቴን ገና መጨረሴ ነበር። በኪሴ የነበረውን የስልክ ባትሪ መሙያ ገመድ ቆርጬ ልጠቀም አሰብሁና ቀጭን መሰለኝ። ከመሣሪያው ሳጥን ውስጥ አንዲት ሚሊሜትር የምትወፍር የመዳብ ክር አገኘሁ፤ በተቃጠለው ፊውዝ እግሮች ላይ ጠመጠምኋትና መልሼ ሰካሁት። መብራቱ ቦግ አለ! አባቴ ትከሻዬን መታ አደረገና «ልጄ ኢንጂነር ሆነ!» አለ። እስከ ቤት ድረስ ይህንኑ ሲደጋግም ሄደ። በማግሥቱም ለዕድሩ ሊቀ መንበር ነገራቸው።

«ነገ እውነተኛ ፊውዝ ገዝቼ እቀይረዋለሁ» አልሁ። ፊውዝ ከዳቦ የማይበልጥ ዋጋ ያለው ዕቃ ነው። ያ ነገ ዘጠኝ ወር ሙሉ ሳይመጣ ቀረ።

ለመሆኑ ፊውዝ ምንድር ነው? ብዙ ሰው ፊውዝ መብራቱን ወይም ሬዲዮውን የሚጠብቅ ይመስለዋል። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ከመጠን በላይ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ከሽቦው አስቀድሞ እንዲሞት የተሠራ ነው። ስለዚህ ፊውዝ በተቃጠለ ጊዜ ሥራውን ሠራ እንጂ አልተበላሸም፤ «በዚህ መስመር ላይ አንድ ነገር ልክ አይደለም» ብሎ ነግሮን ሞተ። የኛ ፊውዝ ሦስት ጊዜ ነገረን። ሽቦው በብረቱ ቀዳዳ ላይ በእያንዳንዱ ጉድጓድና ኮረኮንች እየተፋቀ፥ ልባሱ እየሳሳ፥ እርቃኑ ከመኪናዋ አካል ጋር አልፎ አልፎ ይነካካ ነበር። እኛ ግን ወሬ ነጋሪውን ገደልነው። በመጨረሻም እኔ ከነአካቴው የማይናገር ሹመኛ በቦታው አስቀመጥሁ።

ቁጥሩን ተመልከቱት። የአንድ ሚሊሜትር ውፍረት ያላት የመዳብ ክር በአየር ላይ እንድትቀልጥ 80 አምፔር ያህል ያስፈልጋታል። ሽቦው የተመረጠው ለ15 አምፔር ነው። ሙቀት ደግሞ የሚያድገው በኤሌክትሪኩ መጠን ልክ ሳይሆን በመጠኑ ራስ በራስ ብዜት ነው፤ እጥፍ ኤሌክትሪክ አራት እጥፍ ሙቀት ይሰጣል። እንግዲህ የኔዋ ክር ሳትቀልጥ በፊት ሽቦው ከታሰበለት ሙቀት 28 እጥፍ ሊቀበል ይችላል ማለት ነው። የሚቀልጠው ፊውዙ መሆኑ ቀርቶ ሽቦው ራሱ፥ ከአባቴ ጉልበት በላይ በዳሽቦርዱ ውስጥ የሚሄደው ሽቦ፥ ፊውዝ ሆኗል። «ዳሩ ሲፈታ መሐሉ ዳር ይሆናል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ስለ ፊውዝ የተነገረ ይመስላል።

«የመኪና ኤሌክትሪክ 12 ቮልት ብቻ ነው፤ ሰው አይነዝርም» እንላለን። እውነት ነው። ዳሩ ግን የማይነዝር ማለት የማያቃጥል ማለት አይደለም። ጤነኛ የመኪና ባትሪ ሁለት ጫፉ በብረት ቢገናኝ በመቶ የሚቆጠር አምፔር ያፈሳል፤ በባትሪ ላይ ሲሠራ ቀለበቱ ያገናኘበት መካኒክ ጣቱን ያሳያችኋል።

ከዚያ ክረምት በኋላ አዲስ ምልክት መጣ። ተጨማሪው መብራት ብዙ ሲበራ የሚቃጠል ጠጉር የመሰለ ሽታ ይሸት ጀመር። መጀመሪያ ያሸተተችው እማዬ ናት። «አንተ፥ አንድ ነገር ይሸተኛል» አለችኝ። እኔም በምሁር ድምፅ «ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና ፍሬን ነው» አልኋት። በሌላ ጊዜ ደግማ ነገረችኝ፤ ከፊታችን ምንም የጭነት መኪና አልነበረም። ያን ጊዜም ሌላ ምክንያት አላጣሁላትም። በሦስተኛው ጊዜ እማዬ ዝም አለች። የተማረ ልጅ እናቱን በሁለት ቃል ዝም ያሰኛል።

በ2017 ዓ.ም. ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ። በዓሉን አያቴ ቤት አሳለፍንና በማግሥቱ እማሆይን (አያቴ ከመነኮሰች ወዲህ ሁላችንም እንዲህ ነው የምንጠራት) ዐይኗን ልናሳክማት ይዘናት ተመለስን። አባቴ ይነዳል፤ እኔ ከጎኑ ነኝ፤ ከኋላ እማዬ፥ እማሆይና የዐሥር ዓመቷ እኅቴ ተቀምጠዋል። ጢያን ስናልፍ መሸ፤ የበልግ ዝናብ ያካፋ ነበር። መብራቱ ሁሉ በርቷል፤ የመስተዋቱ መጥረጊያ ይሠራል፤ መስተዋቱ ጉም እንዳይዝ ማራገቢያውም ተከፍቷል።

ሽታው መጣ። በዚህ ጊዜ ማንም አልተናገረም፤ ሁላችንም ግን ሰማነው። ወዲያው ከመሪው ሥር እንደ ዕጣን ጢስ ቀጠን ያለ ነገር ተነሣ። አባቴ ዳር ያዘና ቁልፉን አጠፋ። ሞተሩ ጠፋ፤ ጢሱ ግን አልጠፋም፤ እንዲያውም ጠቆረ። ያ ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ የመጣ ስለ ሆነ ቁልፉ አያዝዘውም። አባቴ ቁልፉን ደጋግሞ ሲያዞረው ትዝ ይለኛል፤ ያልታዘዘችው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

«ውረዱ!» አለ። እኔና እርሱ ወረድን። የኋላው በር ግን አልከፈት አለ። እኅቴ ሕፃን ሳለች በሩ ከውስጥ እንዳይከፈትባት የልጅ መቆለፊያውን አድርገንበት ነበር፤ እስከዚያ ቀን ያስታወሰው አልነበረም። መስተዋቶቹ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ናቸው፤ ኤሌክትሪኩም ሞቷል። በሮቹ ስንነሣ በማእከል ተቆልፈዋል። እኔ ከውጭ እጀታውን እስብ ነበር፤ እማሆይ ከውስጥ በመዳፏ መስተዋቱን ትመታለች። ጢሱ በእርሷና በእኔ መካከል ሲሞላ አየሁ። በዚያች ሰዓት ምን እንዳሰብሁ ብትጠይቁኝ የማስታውሰው የመዳቧን ክር ቀለም ብቻ ነው።

ያዳነችን እኅቴ ናት። በመስተዋቱ ሥር ብቅ የምትለዋን የመቆለፊያ እንጨት በሁለት ጣቷ ወደ ላይ ሳበቻት። እኔም እጀታውን ስስብ በሩ ተከፈተ። ሦስቱም ወጡ። እማሆይ እያሳለች መስቀሏን ፈለገች፤ በአንገቷ ላይ ነበር።

የእሳት ማጥፊያስ? የሚል አይጠፋም። በየዓመቱ ቦሎ ለማውጣት ስንሄድ የእሳት ማጥፊያ ይዘን እንቀርብ ነበር። ከጎረቤት የተዋስነው ነው፤ ምርመራው እንዳለቀ በዚያው ዕለት ማታ እንመልሳለን። ጎረቤታችንም የእኛን መጥረቢያ ይዋሳሉ፤ ሁለቱንም እንደ አንድ ዐይነት ነገር ነበር የምናየው።

አባቴ ኮፈኑን በሰፊው ሊከፍት ሲጣደፍ አንድ አይሱዙ ከኋላችን ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ እየሮጠ መጣና «አባቴ፥ ይተዉት! አየር ካገኘ ይብሳል!» ብሎ እጁን ያዘው። በእጁ የራሱን ማጥፊያ ይዟል። በመጀመሪያ በተከፈተው በር በኩል ወደ መሪው ሥር ነፋበት። ከዚያ ኮፈኑን ለክንዱ ያህል ብቻ ከፈት አድርጎ አየና እሳት አለመኖሩን ሲረዳ ከፈተው። ከኪሱ 10 ቁጥር ቁልፍ አወጣና የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትቶ አነሣው። ጢሱ ወዲያው ቀነሰ። እሳቱ ግን የዳሽቦርዱን ፕላስቲክና ከሥሩ ያለውን ምንጣፍ ይዞ ስለ ነበር የቀረውን በአፈርና በውሃ አጠፋነው። ከአካባቢው የወጡ ገበሬዎች በጀሪካን ውሃ አመጡልን፤ ባትሪው ተነቅሎ ስለ ነበር ውሃው ጉዳት አልነበረበትም። ሰው አልሞተም፤ ሰው አልቆሰለም። መኪናዋ ግን ከፊት ወንበሮቿ ጀምሮ እስከ መስተዋቷ ጥቁር ሆነች። ሾፌሩ ስሙን እንኳ ሳይነግረን «ዋናው ነፍስ ነው» ብሎ ሄደ። እርሱ የትኛው ጫፍ አስቀድሞ እንደሚፈታ ያውቅ ነበር፤ ፖዘቲቩን አስቀድሞ የሚፈታ ሰው ቁልፉ የመኪናውን አካል ከነካበት አዲስ እሳት ያስነሣል። ይህን በየትኛው ክፍል ተማረው? እኔ በተማርሁበት ክፍል አለመሆኑ ግን እርግጥ ነው።

ነገሩን ለአባቴ እስክነግረው ሳምንት ፈጀብኝ። መኪናዋ ተጎትታ መጥታ በግቢያችን በሸራ ተሸፍና ቆማለች። አንድ ማታ በረንዳ ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁትና «አባዬ፥ እኔ ነኝ ያቃጠልኋት» አልሁት። ስለ ክሯ፥ ስለ 80 አምፔሩ፥ ስለ እማዬ ሽታ ሁሉንም ነገርሁት። የምጠብቀው ቁጣ ነበር፤ ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

አባቴ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ክሯን አይቻት ነበር» አለኝ።

«መቼ?»

«በጥቅምት ባትሪውን ሳጥብ። ፊውዝ እንደዚህ እንደማይታሰር ዐውቃለሁ፤ በሥራ ላይ ሳለሁ የሾፌሮቹ አለቃ እንዲህ ያለውን ሲያይ ደመወዝ ይቀጣ ነበር። ልፈታት እጄን ሰደድሁና ተውኋት።»

«ስለ ምን?»

«አንተ ነህ ያሰርሃት። የተማረ ያሰረውን እኔ ምን ብዬ እፈታለሁ?»

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ለዚህች አንዲት መልስ ነው። አባቴ ዐይን ነበረው፤ የሃያ አምስት ዓመት ልምድ ነበረው፤ እማዬም አፍንጫ ነበራት። ሁለቱም ትክክል ነበሩ። ሁለቱም ግን በኔ ትምህርት ፊት የራሳቸውን ዐይንና አፍንጫ አላመኑም። እኔ የሰጠኋቸው ክር ብቻ አይደለም፤ የራሳቸውን ፊውዝም አውጥቼ ጣልሁባቸው። እኛ ከዚህ ግቢ የተማርነውን ይዘን ወደ ቤት ስንሄድ ቤተሰቦቻችን የሚያዩት ነጥባችንን አይደለም። የምንለውን ሁሉ እንደ እውነት ይቀበሉታል። እንዲህ ያለ እምነት የተጣለበት ሰው በግምት መናገር ይገባዋልን? «አላውቅም፤ ቆይ ልየው» ማለት ምን ያህል ያስከፍለናል? እኔን ያስከፈለኝ ዘጠኝ ወር ዝም ማለቴ ነው፤ ከዚያም በላይ ሊያስከፍለኝ ይችል ነበር።

ይህ የአንድ ቤት ነገር ነው የሚል ካለ በየሰፈሩ የቆሙትን መኪኖች ይቁጠር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ወደ አገር ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። የሁለቱ ጥቅምና ጉዳት ለሌላ ጊዜ ይቆይና፥ አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ አሮጌ መኪና ያለው ቤተሰብ በቀላሉ አይለውጣትም፤ የበለጠ ያስረጃታል። መኪና ስታረጅ ደግሞ የሽቦ ልባስ በሞተሩ ሙቀት ይደርቃል፥ ይሰነጠቃል፤ አይጥ ያገኘችውን ትቀረጥፋለች፤ የነዳጅ ጎማ ይላላል። ቤንዚን በጧት የአዲስ አበባ ብርድ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል፤ የሚጠብቀው አንዲት ብልጭታ ብቻ ነው። በዚህ ላይ በየጊዜው ማንቂያው፥ ሬዲዮው፥ ተጨማሪው መብራት፥ የስልክ መሙያው በየአንዳንዱ ኤሌክትሪሻን እጅ ይጨመርባታል። ፋብሪካው የማያውቃቸው እነዚህ ሽቦዎች ናቸው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ፊውዝና ያለ ጎሚኒ የሚኖሩት።

ስለዚህ ለዕረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ የምለምናችሁ ግማሽ ቀን ነው። ኮፈኑን ክፈቱ። ከባትሪው የሚነሣውን እያንዳንዱን ሽቦ በጣታችሁ ተከተሉት፤ ከባትሪው በስንዝር ርቀት ፊውዝ የሌለው ሽቦ ካገኛችሁ አታልፉት። ፊውዞቹን አንድ በአንድ አውጥታችሁ በክዳኑ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ጋር አስተያዩ፤ የበለጠ ቁጥር ያለው፥ በክር ወይም በሲጋራ ወረቀት የተጠቀለለ ካለ ጣሉት። ሽቦ በብረት ቀዳዳ የሚያልፍበትን ቦታ ዳብሱ። የባትሪውን ራስ ፈትታችሁ አጽዱና አጥብቁት። 10 ቁጥር ቁልፍ ከወንበር ሥር አኑሩ። የእሳት ማጥፊያ ግዙ፤ አትዋሱ። የልጅ መቆለፊያው የት እንዳለ፥ በሩ ያለ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚከፈት ለአያቶቻችሁም ለታናናሾቻችሁም አሳዩ። ፊውዝ ሁለት ጊዜ ከተቃጠለም ሦስተኛ ከመስካታችሁ በፊት ምክንያቱን ፈልጉ። «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲባል የሰማነው ሁላችንም ነን፤ ቅጠሉን በእጃችን ይዘን የቆምን ግን ጥቂቶች ነን።

ከሁሉ በላይ ደግሞ እናታችሁ «ይሸተኛል» ስትል ውረዱና እዩ።

የመዳቧን ክር ከፍሙ ውስጥ ፈልጌ አግኝቻታለሁ። እሳቱ ምንም አላደረጋትም፤ ጠቁራለች እንጂ አልቀለጠችም። አሁን በጠረጴዛዬ ላይ ከደብተሮቼ አጠገብ ተቀምጣለች። አባቴ መኪናዋን ቀስ በቀስ እያሠራት ነው፤ ባለፈው እሑድ አዲሱን የሽቦ መስመር አብረን ዘረጋነው። እያንዳንዱን ፊውዝ ስሰካ አጠገቤ ቆሞ ቁጥሩን ያነብ ነበር። በአንዱ ላይ «ይህ ልክ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አላወቅሁም ነበር። «ቆይ አባዬ፥ ልየው» አልሁትና አብረን አየነው።